ለዶሮዋም ባልትና

በቢሾፍቱ፣ ከሐይቆቹ ፈንጠር ባለ አንድ ሰፈር፣ ከጠዋቱ 1 ሰዓት ላይ የቤቱ እመቤት በጓሮ በር አጠገብ በርጩማ ላይ ተቀምጠው ሰፊ ሣፋ ከፊታቸው አድርገዋል። በሣፋው ውስጥ ቢጫ የበቆሎ ሽርክት፣ ጠቆር ያለ የኑግ ፋጉሎ፣ ፉርሽካ፣ ተቆልቶ የተፈጨ አኩሪ አተርና በመሐሉ የተበተነ ነጭ ዱቄት ይታያል። ለብ ያለ ውሃ ከጆግ በትንሽ በትንሹ እያፈሰሱ በቀኝ እጃቸው ከሥር ወደ ላይ ይገለብጡታል፤ ያሹታል። ጥቂት ቆይተው አንድ እፍኝ አነሱና ጭብጥ አደረጉት። በጣቶቻቸው መካከል ውሃ አልወረደም። መዳፋቸውን ሲከፍቱ ድብልቁ የጭብጣቸውን ቅርጽ ይዟል፤ በአውራ ጣት ነካ ሲያደርጉት ግን ፈረሰ። "አሁን ሆነ" አሉ።

ከሽቦው ማዶ ቡናማዎቹ ዶሮዎች እየተገፋፉ ሲጠብቁ አንዲት ወጣት ጎረቤት በአጥሩ በር ብቅ አለች።

"እትዬ፣ እንዴት አደሩ?"

"እግዚአብሔር ይመስገን፤ ግቢ ልጄ።"

"የዶሮ ነገር ልጠይቅዎት ብዬ ነው። የእኔዎቹ ጥሬ ጠግበው ነው የሚያድሩት። ሰሞኑን ግን ከአምስቱ በቀን አንድ እንቁላል ባገኝ ነው። እሱም ቅርፊቱ በጣት ሲነካ የሚሰረጉድ።"

"ምንድን ነው የምትሰጫቸው?"

"በቆሎ ነዋ! አንዳንዴም ስንዴ። በቆሎማ ጎድሎባቸው አያውቅም።"

"ሆዳቸውስ ሞልቶ ይሆናል" አሉ እመቤቷ፣ መኖውን ወደ መመገቢያው እያካፈሉ። "እንቁላሉ ግን ከበቆሎ ብቻ ከየት ይምጣ? አስኳሉም፣ ነጩም፣ ቅርፊቱም የየራሱን ይፈልጋል እኮ።"

ይህ አጭር መልስ የጓሮ ዶሮ እርባታን ዋና ችግር ይነካል። በየከተማው ጥቂት ዶሮዎችን በጓሮው የሚያረባው ሰው ብዙ ነው። በ2015 ዓ.ም. በአርባ ምንጭ የተጀመረው የሌማት ትሩፋት መርሐ ግብር እንቁላልና የዶሮ ሥጋን ከዋና ዋና ትኩረቶቹ ውስጥ ካስገባ ወዲህ ደግሞ ቄብ ገዝቶ ጓሮው ያስገባ ቤተሰብ በርክቷል። ዶሮዋ ተገኝታለች፤ ቤቷም ተሠርቷል። የሚጎድለው ብዙ ጊዜ ምግቧ ነው። በዶሮ እርባታ ከሚወጣው ወጪ ውስጥ ከ60 እስከ 70 በመቶ የሚሆነው ለመኖ የሚወጣ ነውና፣ ሰው እዚህ ላይ ቢቆጥብ አይፈረድበትም። ነገር ግን ጥሬ ብቻ በመስጠት የሚቆጠበው ገንዘብ በእንቁላሉ በኩል ተመልሶ ይጠፋል።

በቆሎ የሚጎድለው

ሒሳቡን እንሥራው። የተሻሻለ ዝርያ ያላት እንቁላል ጣይ ዶሮ በቀን 115 ግራም ገደማ ትበላለች። ይህ ሁሉ በቆሎ ቢሆን፣ የበቆሎ ፕሮቲን 8.5 በመቶ ያህል ስለሆነ ዶሮዋ የምታገኘው ፕሮቲን 10 ግራም አይሞላም። ለእንቁላል ጣይ የሚመከረው መኖ ከ16 እስከ 18 በመቶ ፕሮቲን የያዘ ነው፤ በ115 ግራም ሲሰላ ከ18 ግራም ይበልጣል። አንዱ እንቁላል ብቻውን ወደ 6 ግራም ፕሮቲን ይዞ ይወጣል። ከቀሪው ዶሮዋ ላባ ታበቅላለች፣ ሰውነቷን ታድሳለች፤ የበላችው ሁሉም ከሰውነቷ ጋር አይዋሐድምና መጠባበቂያም ያስፈልጋታል። በበቆሎ ብቻ ስትኖር ሰውነቷ ራሷን ማትረፍን ይመርጣል፤ እንቁላሉ ይቀራል።

ካልሲየሙ ደግሞ የባሰ ነው። በአንድ እንቁላል ቅርፊት ውስጥ 2 ግራም ያህል ካልሲየም አለ። በ115 ግራም በቆሎ ውስጥ ያለው ግን የአንድ ግራም አንድ ሃያኛ እንኳ አይደርስም። ልዩነቱን ዶሮዋ ከአጥንቷ ትሞላለች። መጣል ስትጀምር በረጃጅም አጥንቶቿ ውስጥ ለቅርፊት የሚሆን ካልሲየም የሚከማችበት ልዩ አጥንት ይሠራል፤ ይህ ማከማቻ ግን በየቀኑ ካልተተካ ቶሎ ያልቃል። መጀመሪያ ቅርፊቱ ይሳሳል፤ ቀጥሎ እንቁላሉ ይቆማል፤ በመጨረሻ እግሯ ይዝላል። ጎረቤቲቱ በጣቷ የነካችው የሚሰረጉድ ቅርፊት የዚህ መንገድ የመጀመሪያ ምልክት ነበር።

"ታዲያ የሀበሻ ዶሮ ማን መኖ ቀምሞላት ነው የምትጥለው?" የሚል ይኖራል። የሀበሻ ዶሮ ቀኑን ሙሉ እየጫረች ራሷ ትቀምማለች። ትል፣ ምስጥና አንበጣ ፕሮቲን ይሆኗታል፤ ለጋ ሣር ቫይታሚን፣ የወዳደቀ እህል ጉልበት፣ ጠጠርና አፈር ማዕድን ይሰጧታል። ዋጋዋም በዚያው ልክ ነው፤ በዚህ አኗኗር በዓመት የምትጥለው ከ40 እስከ 60 እንቁላል ነው። የተሻሻለችዋ በወጉ ከተመገበች እስከ 300 ትጥላለች፤ ስለዚህ የሚያስፈልጋት ያንኑ ያህል ይበልጣል። ደግሞም ዶሮን በሽቦ ውስጥ የዘጋ ሰው የምትጭረውን መሬት ወስዶባታል። መሬቱ ይሰጣት የነበረውን ሁሉ የመስጠት ዕዳ የእሱ ነው።

የባታቪያ ዶሮዎች

ሆድ ሞልቶ መራብ እንዳለ ለዓለም ያስተማረችው ራሷ ዶሮ ናት። በ19ኛው ክፍለ ዘመን (እ.ኤ.አ.) መጨረሻ ክርስቲያን አይክማን የተባለ ሆላንዳዊ ሐኪም ዛሬ ጃካርታ በምትባለው ባታቪያ፣ ቤሪቤሪ የተባለውን እግር የሚያዝልና የሚገድል በሽታ ያጠና ነበር። በቤተ ሙከራው ግቢ የሚኖሩት ዶሮዎች በድንገት እየተንገዳገዱ መውደቅ ጀመሩ። ከጊዜ በኋላ ደግሞ መድኃኒት ሳይሰጣቸው ዳኑ። ምክንያቱ ሲመረመር ከምግባቸው ላይ ተገኘ። ለተወሰነ ጊዜ ከወታደራዊው ሆስፒታል ወጥ ቤት የተረፈ፣ ገለፈቱ ተፈትጎ የነጣ ሩዝ ሲበሉ ቆይተው ነበር። አዲስ ወጥ ሠሪ ሲመጣ ያንን ሩዝ ከለከላቸው፤ ወደ ተራው፣ ወዳልተፈተገው ሩዝ ሲመለሱም ዳኑ።

መድኃኒቱ የነበረው ተፈትጎ በሚጣለው ገለፈት ውስጥ ነው። ዛሬ ቫይታሚን ቢ1 የምንለው ንጥረ ነገር እዚያ ይገኛል። አይክማን ለዚህ ሥራው በ1929 (እ.ኤ.አ.) የኖቤል ሽልማት ተካፍሏል። እኛም ከወፍጮ ቤትና ከዱቄት ፋብሪካ በርካሽ የምንገዛው ፉርሽካ የስንዴው ገለፈት ነው። ፕሮቲኑ ከበቆሎ እጥፍ ሊሆን ጥቂት ይቀረዋል፤ በቢ ቫይታሚኖችም ባለጸጋ ነው። ጉልበቱ አነስተኛ፣ ገለባው ብዙ ስለሆነ ግን ብቻውን መኖ አይሆንም። ብቻውን የሚበቃ አንድም ነገር የለም፤ መቀመም ያስፈለገውም ለዚህ ነው።

ውሃው የሚሠራው ሥራ

መኖው ተቀምሟል እንበል። ለምን ይለወሳል? ደረቁን ማቅረብ አይበቃም?

ለትልቅ ፋብሪካ ይበቃል፤ መኖው በማሽን ተጨምቆ እንክብል ሆኖ ይወጣለታል። በቤት የተደባለቀው ግን ሽርክትና ዱቄት ነው። ዶሮ ጥርስ የላትም፤ ዓይኗ ግን ስለታም ነው፤ ጠርዝ ያለውን ፍሬ ለይታ ትለቅማለች። ደረቅ ድብልቅ ስታቀርቡላት በመጀመሪያ የሚጠፋው የበቆሎው ሽርክት ነው። አኩሪ አተሩ ይከተላል። የአጥንት ዱቄቱ፣ የኖራ ድንጋዩና ቫይታሚኑ ከመመገቢያው ሥር ይተኛሉ፤ ከፊሉ በነፋስ ይሄዳል። ጉልበተኞቹ ቀድመው በቆሎውን ሲለቅሙ ደካሞቹ ወደ ዱቄቱ ይደርሳሉ። ባለቤቱ በወረቀት ላይ 16 በመቶ ፕሮቲን ቀምሟል፤ በዶሮዎቹ ሆድ ውስጥ ግን ለአንዷ 10፣ ለሌላዋ 22 ሊሆን ይችላል።

ውሃ ይህንን ያስቆማል። ዱቄቱ በሽርክቱ ላይ ይጣበቃል፤ በየጉርሻው ሁሉም ነገር ይገባል። በቤት ውስጥ የተቀመመ መኖ ቅመሙ እስከ መጨረሻዋ ዶሮ ድረስ እንዲዘልቅ የሚያደርገው መለወሱ ነው። የዚህ ጽሑፍ ዋና ቁም ነገር እዚህ ላይ ነው፤ ልውሱ ምግቡን ከማለስለስ አልፎ ድርሻውን ያስከብራል።

ሌላም ጥቅም አለው። ዶሮ ልውስ ስትወድ ለጉድ ነው፤ ሙቀት ምግብ ሲያስጠላት እንኳ ትበላዋለች። በድሬዳዋና በአፋር ቆላ፣ ቀኑ ሳይግል በማለዳና ሲበርድ በአመሻሽ የቀረበ ልውስ በደረቁ የቀነሰውን አመጋገቧን ያነሳዋል። በደብረ ብርሃን ብርድ ደግሞ በለብታ ውሃ የተለወሰ ቁርስ ያሞቃታል። ፉርሽካም ሲርስ የራሱ ኢንዛይም ይነቃል፤ በእህል ውስጥ ታስሮ ዶሮዋ ልትጠቀምበት የማትችለውን ፎስፈረስ በከፊል ይፈታላታል። ስለዚህ ከማቅረብ በፊት ጥቂት ሰዓት መዘፍዘፉ ትርፍ አለው።

ውሃ ግን ጠላትም ይጋብዛል። የረጠበ መኖ በሙቀት በፍጥነት ይበላሻል። ልምድ ያላቸው አርቢዎች አንድ ደንብ አላቸው፤ በአንድ ጊዜ የሚቀርበው ልውስ ከአንድ እስከ ሁለት ሰዓት ባለው ጊዜ ተበልቶ የሚያልቅ ይሁን። የተረፈው ይነሳ፤ መመገቢያው በየቀኑ ይታጠብ፤ በአዲስ ልውስ ላይ የትናንቱ አይደረብ። ውሃው እንደ ሽርክቱ ልመት ይለያያል፤ ብዙውን ጊዜ ከደረቁ ክብደት እኩል ወይም ጥቂት ያነሰ ይበቃል። የሚንጠፈጠፍ ልውስ ዶሮዋን በውሃ ይሞላታል፤ ከሥሯ ያለውን ጉዝጓዝም ያረጥባል።

የ10 ኪሎው ቅመም

በርበሬ የምታዘጋጅ ሴት ዛላው ይህን ያህል፣ ኮረሪማው ይህን ያህል፣ ጨውና ነጭ ሽንኩርቱ ይህን ያህል ብላ ትመጥናለች፤ አንዱ ቢበዛ ሌላው እንደሚጠፋ ታውቃለች። የዶሮ መኖም ይህንኑ ባልትና ይፈልጋል። እነሆ ለእንቁላል ጣዮች የሚሆን የ10 ኪሎ ደረቅ ድብልቅ፦

የበቆሎ ሽርክት 4,900 ግራም፤ ተቆልቶ የተፈጨ አኩሪ አተር 1,600 ግራም፤ የኑግ ፋጉሎ 1,400 ግራም፤ ፉርሽካ 1,100 ግራም፤ የተፈጨ የኖራ ድንጋይ 800 ግራም፤ የአጥንት ዱቄት 150 ግራም፤ ጨው 30 ግራም፤ የቫይታሚንና የማዕድን ድብልቅ (ፕሪሚክስ) 20 ግራም ወይም ማሸጊያው የሚያዘው መጠን።

ፕሮቲኑን እንደምር። ከበቆሎው 416 ግራም፣ ከአኩሪ አተሩ 592፣ ከፋጉሎው 420፣ ከፉርሽካው 170 ይመጣል። ድምሩ 1,598 ግራም፣ ማለትም 16 በመቶ ነው። የፋጉሎና የፉርሽካ ይዘት እንደ ፋብሪካው ስለሚለያይ ቁጥሩ ጥቂት ከፍ ዝቅ ይላል። ካልሲየሙ ወደ 3.4 በመቶ ይጠጋል፤ 115 ግራም የበላች ዶሮ 4 ግራም ገደማ ታገኛለች ማለት ነው። አሥር ዶሮ ላለው ቤት ይህ ድብልቅ ስምንት ቀን ያህል ይቆያል።

እያንዳንዱ የገባው በምክንያት ነው። ፕሮቲን በብዛቱ ብቻ አይለካም፤ አሚኖ አሲድ በሚባሉ ክፍሎች የተገነባ ነውና ከእነርሱ አንዱ ከጎደለ ሌላው ቢትረፈረፍም እንቁላሉ አይሞላም። ለዶሮ ቀድመው የሚጎድሉት ላይሲንና ሜቲዮኒን የሚባሉት ናቸው። በቆሎ ላይሲን ያንሰዋል። አኩሪ አተር ላይሲን ሞልቶለት ሜቲዮኒን ይጎድለዋል። ኑግ በተቃራኒው ላይሲን ያጥረዋል፤ በሜቲዮኒን ግን ይሻላል። ሁለቱ ሲገናኙ አንዱ የሌላውን ጉድለት ይሸፍናል። አኩሪ አተር በማይገኝበት ቦታ አተርና ባቄላም ለኑግ ይኸንኑ ላይሲን ያበድራሉ፤ ፕሮቲናቸው ከአኩሪ አተር ስለሚያንስ ግን መጠኑ ከፍ ማለት አለበት።

አኩሪ አተሩን መቁላት ግዴታ ነው። ጥሬው ፕሮቲን እንዳይፈጭ የሚከለክል ንጥረ ነገር አለው፤ ጥሬውን የበላች ዶሮ ፕሮቲኑን ይዛ ትራባለች። በምጣድ ላይ በመጠነኛ እሳት እያማሰሉ ወርቃማ መልክና የቆሎ ሽታ እስኪያመጣ መቁላት ነው። እስኪያር ከተቆላ ደግሞ ላይሲኑ ይጠፋል።

ስለ ኖራው አጥብቆ መናገር ያስፈልጋል። ለመኖ የሚሆነው የተፈጨ የኖራ ድንጋይ ነው። ለግድግዳ የሚቀባው፣ ተቃጥሎ የተዘጋጀው ኖራ አፍና አንጀት ያቃጥላል፤ መኖ ውስጥ ፈጽሞ አይገባም። የኖራ ድንጋይ ካልተገኘ መፍትሔው ወጥ ቤት ውስጥ ነው። የእንቁላል ቅርፊት ከሞላ ጎደል ካልሲየም ካርቦኔት ነው። ታጥቦ፣ በምጣድ ደርቆ፣ የእንቁላል መልኩ እስኪጠፋ መደቆስ አለበት፤ ሳይደቀቅ ከቀረበላቸው የራሳቸውን እንቁላል ሰብሮ መብላት ሊለምዱ ይችላሉ። ቅርፊት በአብዛኛው የሚገነባው በሌሊት ነውና ጥቂት ሻከር ብሎ የተደቆሰ ቅርፊት ወደ ማታ ለብቻው በሣህን ቢቀመጥላቸው በሆዳቸው ቆይቶ ሌሊቱን ያገለግላቸዋል።

ፋጉሎ ሲገዛ

ገበያ ላይ የመኖ ነጋዴው ማዳበሪያውን ከፍቶ "ትኩስ ነው፤ ከመጭመቂያው ገና መምጣቱ ነው" ይላል። ብልህ ገዢ ይህን ሰምቶ አይከፍልም። እጁን ወደ ማዳበሪያው መሐል ይሰድዳል፤ ሙቀትና ርጥበት ካለው ይተወዋል። አንድ ቁራሽ ይሰብራል፤ በስብራቱ ላይ ነጭ፣ አረንጓዴ ወይም ግራጫ ሻጋታ ይፈልጋል። ያሸታል፤ የሻገተ ሽታ ካለው ዋጋው ምንም ቢረክስ ይመልሰዋል።

ይህ ጥንቃቄ ከባድ ምክንያት አለው። በ1960 (እ.ኤ.አ.) በእንግሊዝ ከ100,000 በላይ ተርኪዎች ምክንያቱ ባልታወቀ በሽታ አለቁ። በመጨረሻ የተገኘው ጥፋተኛ ከብራዚል በመጣ የለውዝ ፋጉሎ ላይ የበቀለ ሻጋታ የሚያመነጨው መርዝ ነበር፤ አፍላቶክሲን ተባለ። መርዙ ጉበት ይጎዳል፤ በሰውም ላይ ካንሰር ያስከትላል። በእኛም አገር በአዲስ አበባና በዙሪያዋ በሚመረት ወተት ውስጥ አፍላቶክሲን መገኘቱ በ2015 (እ.ኤ.አ.) ብዙ ሲያነጋግር፣ ጥናቱ በዋናነት የጠቆመው ላሞቹ የሚበሉትን የኑግ ፋጉሎ ነበር። ጥፋቱ የፋጉሎው ሳይሆን የአከመቻቸቱ ነው። መቁላትም፣ መቀቀልም፣ ማቡካትም ይህን መርዝ ሙሉ በሙሉ አያጠፉትም። ስለዚህ በትንሹ መግዛት፣ ከወለል ከፍ ባለ ርብራብ ላይ ማስቀመጥ፣ በክረምት ደግሞ ከአንድ ወር በላይ አለማቆየት ይሻላል።

ሁሉም ፋጉሎ እኩል አይደለም። የጥጥ ፍሬ ፋጉሎ አስኳሉን የሚያጠቁር ንጥረ ነገር አለው፤ የተልባው በጥቂቱ እንጂ አይበዛም። ጉሎ ገዳይ ነው፤ ከመኖ አጠገብ እንኳ መቀመጥ የለበትም። ጓያም የነርቭ መርዙ ለጫጩት አደገኛ ስለሆነ ቢቀር ይመረጣል።

ከማዕድ የተረፈ

የተረፈ እንጀራ፣ ድርቆሽ፣ የሽሮ ጥራጊ በየቤቱ አለ። ልውስ እነዚህን የሚቀበልበት ቦታ አለው፤ እንጀራው ደርቆና ተፈርፍሮ የበቆሎውን ጥቂት ክፍል ሊተካ ይችላል። ደረቅ ክብደቱ ከጠቅላላው መኖ ከአሥር እጅ አንዱን እንዳያልፍ መጠበቅ ነው፤ ከዚያ ካለፈ የተመጠነው ፕሮቲንና ካልሲየም ይሳሳል።

ብዙ ሰው የወጥ ትራፊ በበርበሬው ምክንያት ዶሮ የሚጎዳ ይመስለዋል። ወፎች የበርበሬን ማቃጠል አይሰማቸውም፤ ስሜቱን የሚቀበለው የሰውነታቸው ክፍል ለዚያ ንጥረ ነገር ምላሽ አይሰጥም። የሚያሰጋው ጨው ነው። ጨው የበዛበት ወጥ፣ በተለይ ውሃ ባነሰበት ቀን፣ ዶሮን ይገድላል። የአቮካዶ ልጣጭና ፍሬ፣ ያልበሰለ ቦሎቄ፣ አረንጓዴ የሆነ የድንች ልጣጭ እንዲሁ ወደ ሣፋው አይገቡም።

ጠላ የሚጠመቅበት ቤት ደግሞ አተላ አለው። አተላ ፕሮቲንም ከእርሾው የመጣ ቢ ቫይታሚንም ይዟል፤ ከውሃው ፈንታ በጥቂቱ ቢገባ ልውሱን ያበለጽጋል። ክብደቱ አብዛኛው ውሃ ነውና ብዙ የገባ መስሎ የሚመግበው ጥቂት ነው፤ ስለዚህ በደረቁ ድብልቅ ላይ ይጨመራል እንጂ አይተካውም። በወጣበት ቀን ወይም በማግስቱ ማለቅ አለበት።

ማቡካት

አንዳንድ አርቢዎች ልውሱን ለሁለትና ለሦስት ቀን ያቦኩታል። ደረቁ ድብልቅ በፕላስቲክ ባልዲ ወይም በሸክላ ውስጥ ውሃ እስኪሸፍነው ይነከራል፤ በቀን ሁለት ጊዜ ይማሰላል፤ ክዳኑ አየር እንዲያስወጣ ይተዋል። አረፋ ያወጣል፤ ይኮመጥጣል። የሊጥን መቡካት የሚሠሩት ዓይነት ባክቴሪያዎች የላክቲክ አሲድ ያመነጫሉ፤ አሲዱ ሳልሞኔላን የመሰሉ በሽታ አምጪዎች እንዳይራቡ ያደርጋል። የእህሉ ፎስፈረስም ከጥቂት ሰዓት ዝፍዝፍ የበለጠ ይፈታል። ከቀደመው ባልዲ ጥቂት እርሾ በሚቀጥለው ላይ መጨመር ሥራውን ያፋጥናል።

የኖራ ድንጋዩ ግን ከሚቦካው ጋር አይግባ፤ አሲዱን ያከሽፈዋል። ሲቀርብ ይጨመር። ፕሪሚክሱም እንዲሁ በመጨረሻ ይግባ። ጥሩ ቡኮ የሚኮመጥጥ ንጹሕ ሽታ አለው። የሚገማ ከሆነ ወይም በላዩ ቀለም ያለው ሻጋታ ካበቀለ ሙሉው ይደፋል፤ ላዩን ገፎ ሥሩን መስጠት አያዋጣም።

እንደ ወቅቱ፣ እንደ ዕድሜዋ

መጠነኛ ጊዜ ለመጫር ለሚለቀቁ ዶሮዎች ቅመሙ ከወቅቱ ጋር ይሄዳል። በክረምት ትሉም ለጋ ሣሩም ሞልቷል፤ እህል ግን ከጎተራ ውጭ አይገኝም። ያኔ ጉልበት ሰጪው በቆሎ ይበልጥ ይፈለጋል። በበጋ፣ ከአውድማ በኋላ፣ የወዳደቀ እህል ይበዛል፤ ምድሩ ደርቆ ነፍሳቱና ሣሩ ይጠፋሉ። ያኔ ፋጉሎና አኩሪ አተር፣ ከእነርሱም ጋር ጎመን፣ ቆስጣና አልፋልፋ ያስፈልጋሉ። በደቡብ የሚበቅለው የሽፈራው ቅጠል በጥላ ደርቆ ሲፈጭ ከክብደቱ ሩብ ያህሉ ፕሮቲን ነው። ቅጠላ ቅጠሉ ቫይታሚን ኤ ያመጣል፤ አስኳሉንም ያደምቀዋል።

ዕድሜም ይለያል። ከላይ ያለው ድብልቅ መጣል ለጀመረች ዶሮ ነው። ለጫጩትና ለቄብ አይሰጥም፤ ካልሲየሙ ገና ያልበሰለ ኩላሊታቸውን ይጎዳል። ጫጩት ወደ 20 በመቶ ፕሮቲን ያለው፣ ኖራው የተቀነሰ መኖ ያስፈልጋታል፤ ልውስም እግሯና ላባዋ ላይ ስለሚጣበቅና ቶሎ ስለሚበላሽ ደረቁ ይመረጥላታል። ቄብና እንቁላል ጣይ አብረው የሚኖሩ ከሆነ ኖራውን ከመኖው አውጥቶ ለብቻ በሣህን ማቅረብ ነው፤ የሚያስፈልጋት ራሷ ሄዳ ትወስዳለች።

መኖ የማይሠራውም አለ። ፈንግል የተባለው በሽታ በአንድ ሳምንት ውስጥ ሙሉ ጓሮ ያራግፋል፤ በደንብ የተመገበችውንም አይምርም። መከላከያው ክትባት ነው፤ ክትባቱም እዚያው ቢሾፍቱ ይመረታል። መኖ ያማረላት ዶሮ ክትባቱን በደንብ ትቀበላለች፤ መኖው ግን ክትባቱን አይተካም።

ገንዘቡ ለሁሉ ካልበቃ

ብዙ ቤተሰብ ስምንቱንም ነገር በአንድ ጊዜ መግዛት አይችልም። እንዲያ ከሆነ በቅደም ተከተል መሄድ ነው። አንደኛ፣ ንጹሕ ውሃ፤ ዶሮ የምትጠጣው ከምትበላው በክብደት እጥፍ ያህል ነው፤ ውሃ ባጣችበት ቀን ምንም ቅመም አይረዳትም። ሁለተኛ፣ ካልሲየም፤ የእንቁላል ቅርፊት በነጻ ይገኛል። ሦስተኛ፣ ፋጉሎና ፉርሽካ በበቆሎው ላይ፤ ከዚያ የተቆላ አኩሪ አተር። አራተኛ፣ በየቀኑ እፍኝ ቅጠል። ፕሪሚክስ ገንዘብ ሲገኝ ይከተላል። ውጤቱን ለማየት በአንድ ደብተር ላይ የየቀኑን እንቁላልና የየሳምንቱን መኖ መጻፍ ይበቃል፤ ለውጡ በሳምንታት ውስጥ ይታያል።

ይህ ሁሉ ድካም ከእንቁላል ቁጥር የሚበልጥ ነገር አለው። በ2011 ዓ.ም. በተደረገው የሥነ ሕዝብና ጤና ጥናት ከአምስት ዓመት በታች ካሉ የኢትዮጵያ ሕጻናት 37 በመቶዎቹ የቀነጨሩ ነበሩ። በጓሮ ያለች ዶሮ ለዚህ መልስ ከሚሆኑት ነገሮች አንዷ ናት። የእንቁላል ፕሮቲን ዶሮዋ ምንም ብትበላ ብዙ አይለዋወጥም፤ በአስኳሉ ውስጥ የሚገኙት ቫይታሚን ኤ፣ ቢ12፣ ፎሌትና አዮዲን ግን ከምትበላው ጋር ይወጣሉ፣ ይወርዳሉ። ጠዋት ወደ ሣፋው የገባው ፉርሽካ፣ ቅጠልና ማዕድን ሕጻኑ እስከሚበላው አስኳል ድረስ ይደርሳል። ዶሮዋን በጥሬ ብቻ ማቆየት ከልጁ ምግብ ላይ መቀነስ ነው፤ በወጉ ቀምሞና ለውሶ መመገብ ደግሞ የቤተሰቡን ማዕድ ከሥሩ ጀምሮ ማሰናዳት ነው።